ምራትና አማት በአንድ ወንበር

እናቴ መጫወቻ ሜዳ ሄዳ ሳትጫወት የምትመለስ ሴት ናት እየተባለ በምፖፖማ ሰፈር ብዙ ተቀልዶባታል። የቀለዱባትን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ግን ተሳስተው ነበር። እናቴ ከሁላችንም በላይ ትጫወት ነበር። የእሷ ጨዋታ ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው ያልታያቸው።

ሰው ሁሉ ማምጉኒ ይላታል፤ በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የምትጠራው በአባቷ ቤት ስም ነው። ቡላዋዮ ከተማ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ኮሌታ ብቻ። እጅጌ የምትሰፋው ሌላ ናት፣ ቁልፍ የምትተክለውም ሌላ። አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሠርታ እንደማታውቅ ስትነግረን ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ያሳዝነኝ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ይዛ መቀመጥ የምትወደው። ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በቋንቋችን የተጻፉ ልብ ወለዶች እየተዋሰች ታነባለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ታነባለች። ገንፎ ስታማስል በአንድ እጇ ማማሰያውን፣ በሌላው መጽሐፉን ይዛ ታነባለች። አንድ ቀን ገንፎው አረረና አባቴ «ይቺ ሴት ሁለት ባል ነው ያገባችው» አለ። «እኔ ያረረውን እበላለሁ፣ ያኛው ትራሷ ስር ያድራል።»

«ያኛው ቢያንስ አያንኮራፋም» አለችው።

በዓመት አንዴ፣ ሚያዝያ ሲያልቅ የንግድ ትርኢቱ ይከፈታል፤ ከጎኑ ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ መጫወቻዎቹ ይተከላሉ። የሚሽከረከሩት ፈረሶች፣ እርስ በርስ የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሆነን የምናየው ትልቁ መንኮራኩር። ለእኔና ለወንድሜ ለቤኪ የገና በዓል ማለት ይሄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጫማችንን በራሱ እጅ ይቦርሻል፤ በዓመቱ ውስጥ በሌላ ቀን ጫማችንን ነክቶት አያውቅም። እናቴ የተጠበሰ ዶሮ በፎጣ ትጠቀልላለች፣ በእኛ አገር የሚበላውን የደረቀ የዛፍ ትል በቲማቲም አብስላ በቆርቆሮ ታሽጋለች፣ ብርቱካን ጭማቂ በጠርሙስ ትበጠብጣለች። ሜዳው ስንደርስ የተረገጠ ሣር፣ የሞተር ዘይትና የፈንዲሻ ሽታ አንድ ላይ ይቀበለናል። ያንን ሽታ ዛሬ የሚሸጥልኝ ባገኝ ያለኝን አውጥቼ እገዛው ነበር። ልጆቼ ከዚያ የበለጠ መጫወቻ አይተዋል፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ አላየሁም።

እናቴ ብርድ ልብሷን ዛፍ ስር ታነጥፋለች፣ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች፣ መጽሐፏን ትከፍታለች፣ አለቀ። ጎረቤታችን ማንግዌንያ በአጠገቧ ስታልፍ አትምራትም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ለመዝናናት ይመጣል፣ አንቺ ለፈተና ትቀመጫለሽ?»

«ፈተናው አንቺ ነሽ» ትላታለች እናቴ ቀና ሳትል። «በየዓመቱ እየመጣሽብኝ።»

አሁን አያታችንን፣ ኩሉን ላምጣቸው። ኩሉ በቋንቋችን አያት ማለት ነው፤ የአባቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ከሰል ሲያቃጥሉ ኖረው ሚስታቸው ስትሞት እኛ ጋ ገቡ። እሳትና የከሰል ብናኝ ዓይናቸውን ጨርሶት ነበር፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ቁመታቸው ግን አልጎበጠም፤ ቀልዳቸውም እንደዚሁ።

እናቴና ኩሉ በአንድ ጣሪያ ስር ኖሩ፣ ግን አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። ጠብ እንዳይመስላችሁ። ደንባችን ነው። ምራት በአማቷ አጠገብ አትቀመጥም፣ በፊታቸው አትበላም፣ ፊታቸውን ትክ ብላ አታይም፤ ከሁሉም በላይ ስማቸውን አትጠራም። ስማቸው የሌላ ሰው ስም ቢሆንም እንኳ ከአፏ አይወጣም። ስለዚህ በመካከላቸው እኔ ነበርኩ። ኩሉ ውሃ ሲጠማቸው «ኖማጉጉ፣ ለእናትሽ ውሃ ጠማኝ በያት» ይላሉ፤ እናቴ በሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች፤ እኔ ሄጄ ደግሜ እነግራታለሁ፤ ብርጭቆውን ለእኔ ትሰጠኛለች። እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ደሞዝ የለኝም እንጂ።

ማታ ማታ እናቴ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ለእኔና ለቤኪ ነው የሚባለው። ግን ቤኪ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጭኗ ላይ ይተኛል፤ እኔም አጠገቧ ነኝ፣ ብታንሾካሹክ እሰማለሁ። ድምጿ ግን ለሦስት ቤት የሚበቃ ነበር። የሳሎኑ በር ሁልጊዜ ገርበብ ይላል። ኩሉ እዚያ ወንበራቸው ላይ ተኝተዋል ይባላል። ጠዋት ላይ ግን «ኖማጉጉ፣ እስቲ እናትሽን ጠይቂያት፤ ያ ጥጃውን የሰረቀ ነጋዴ ተያዘ ወይስ አመለጠ?» ይሉኛል። እናቴ ከምድጃው ዞራ ፈገግታዋን ለግድግዳው ትሰጠዋለች። «ዛሬ ማታ እናያለን በያቸው።»

እኔ አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ ያመጣችው መጽሐፍ ወፍራም ነበር። አንድ ሰው ወጣት ሆኖ ለማዕድን ሥራ ወደ ጆሃንስበርግ ይሄዳል፤ እናቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ፣ ይጠጣል፣ ይታሰራል፣ ይከብራል፣ ይከስራል፤ ቤቱን ግን አይረሳም። ያ ሰው ስም አልነበረውም። እናቴ ስታነብ «ሰውዬው» ነው የምትለው። «ሰውዬውም ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ።» «ሰውዬውም ለእናቱ ጨርቅ ገዛ።» ከመጥራቷ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ትቆማለች፣ አየር ትስባለች፣ ከዚያ «ሰውዬው» ትላለች። ከዕለታት አንድ ቀን ሳህን ስታጥብ መጽሐፉን ገለጥኩት። ሰውዬው ስም ነበረው። ማድሊዋ ይባላል። የኩሉም ስም ማድሊዋ ነው።

ደራሲው በዓለም ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ መርጦ መርጦ የእናቴን አፍ የሚዘጋውን አወጣ! «ለምን አትመልሺውም?» አልኳት። «ወደውታላ» አለች። ነገሩን ለማንግዌንያ ስትነግራት፣ ማንግዌንያ እስክታለቅስ ሳቀች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! ሽማግሌው የገዛ ታሪካቸውን እየሰሙ አያውቁም!»

«ኧረ ዝም በይ በእናትሽ፣ ከሰሙ ፊቴን ምን ውስጥ እከተዋለሁ!»

ንባቡ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከትውልድ መንደራቸው ከኬዚ መጣ። ሽማግሌ ሰው ከተማ ውስጥ አይሞትም፣ አባታችንን አገራቸው ልውሰዳቸው አለ። ክርክር አልነበረም፤ ትልቅ ልጅ ሲናገር ትንሽ ልጅ ይሰማል። ሰኞ ሊሄዱ ተቆረጠ። በዚያ ሳምንት ቤታችን በዘመድ ተሞላ። እናቴ ከድስት ወደ ድስት ስትል መጽሐፉ አንድም ማታ ሳይከፈት ቀረ። ኬዚ ያለው የአጎቴ ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው የለም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የዘር ሻጮች ካላንደር ብቻ ነው ያለው። ኩሉ የዚያን ሰውዬ መጨረሻ ሳይሰሙ ሊሄዱ ነው። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነበር። ዓርብ ዕለት ዶሮ እየጠበሰች «እንዴት አንድ ምዕራፍ ሲቀር ሰው ይወሰዳል?» ስትል ሰማኋት፤ ለድስቱ ነበር የምትናገረው።

ቅዳሜ ኩሉንም ይዘን ወደ ሜዳው ሄድን። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ስሚኝ። ፈረሶቹ ላይ አንዴ ውጪ፣ ከዚያ ተቀምጠሽ መጨረሻዋን ታነቢላቸዋለሽ። ቀስ ብለሽ።»

ኩሉን ከዛፉ በአንዱ ጎን አስቀመጥናቸው፣ እናቴ በሌላው ጎን ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ እኔ መጽሐፉን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እስክጨርስ አላበኝ። ኩሉ ታገሡ፣ ታገሡና እጃቸውን አነሡ።

«ኖማጉጉ፣ ልጄ፣ አንቺ የጭነት ባቡር ነሽ። በየጣቢያው ትቆሚያለሽ። ዝጊው ይቅር። ጆሮዬ የለመደው ሌላ ድምፅ ነው።»

እናቴ ሰምታለች። አልዞረችም፤ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ታጥፍ ትዘረጋ ጀመር፤ እዚህ ከኋላው ሆና የምታነብበት የወጥ ቤት ግድግዳ የለም። እኔ እፍረቴን ይዤ መጽሐፉን መለስኩላት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ፤ አዝኜ ነበር፣ ግን ወደ መንኮራኩሩም ዓይኔ ይሄድ ነበር፣ ልጅ ነኛ።

ኩሉም ወደዚያው ዞሩ። «እሱ ነገር ይዞራል?» አሉ አባቴን።

«ይዞራል ባባ።»

«አውጡኝ።»

«ባባ፣ አይታይዎትም፣ ምን ያደርግልዎታል?»

«አየሁ አልኩህ? ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ለመሬት ስንከባለል ኖሬያለሁ። አንዴ ወደ ላይ ልሂድ።»

አባቴ ራሱ ከፍታ ይፈራል፤ ዶሮውን እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ። ቤኪ ካልወጣሁ ብሎ ስላለቀሰ እናቴ የግዷን ተነሣች። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ ኩሉ ከእኔ ጋር፣ ቤኪ ከእናቴ ጋር፣ በመሃላችን ባዶ ወንበር። ግን መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የእኛ አገር ሰው አልነበረም፤ ከመጫወቻዎቹ ጋር ከሩቅ የመጣ ነው። የእሱ ጭንቀት ሚዛን ነበር።

«ትልቅ ከትልቅ! ትንሽ ከትንሽ!» እያለ ይጮሃል። እኔንና ቤኪን አፈፍ አድርጎ አንድ ወንበር ላይ ወርውሮ ብረቱን ዘጋብን። የእኛ ወንበር ወደ ኋላ ከፍ ሲል ቀጣዩ መጣ፤ ኩሉን አስቀመጣቸው፤ እናቴ «አይሆንም፣ አይሆንም» እያለች ወደ ኋላ ስትል እሷንም ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። «አትፍሪ እመቤት! ባለቤትሽን ያዣቸው፣ አይጥሉሽም!»

ባለቤትሽን! የእናቴን ፊት አላየሁትም፣ ሻርፗን በሙሉ ስባ ሸፍናዋለች። አባቴን ግን አየሁት። እጁን ራሱ ላይ ጭኗል፣ የፈንዲሻው ከረጢት መሬት ላይ ተደፍቷል፣ ማንግዌንያ በአጠገቡ በሳቅ ተንበርክካለች። የአንድ ዙር ጉዳይ ነው፣ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። የእኛ ወንበር ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ታች ማዘንበል ሲጀምር፣ የእነሱ በተራው አናት ላይ ሲወጣ፣ መብራት ጠፋ።

ሙዚቃው ቆመ። መኪኖቹ ቆሙ። መንኮራኩሩ ቆመ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። ከከተማው ጫፍ እስከ ባቡር ጣቢያው ጭስ ማውጫ ድረስ ይታየኛል።

«ኖማጉጉ!» ኩሉ ከላይ ተጣሩ።

«እዚህ ነኝ ኩሉ!»

«እናትሽን ጠይቂያት፣ ለምንድነው የቆምነው?»

«እማዬ፣ ለምንድነው የቆምነው ይላሉ!»

«መብራት ጠፍቶ ነው በያቸው።»

«መብራት ጠፍቶ ነው ትላለች!»

«ቶሎ ይመጣል ወይ በያት።»

ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል፤ ቃሉ ግን ወደ እኔ ይወርዳል፣ ከእኔ ይወጣል። ከእነሱ ኋላ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ትዕግሥቱ አለቀ። «እናቴ፣ አጠገብሽ ላሉት ሰው ራስሽ ንገሪያቸው እንጂ፣ የልጅቷ ጉሮሮ ተላጠ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ጠንከር ያለ ነፋስ መጣና ወንበሮቹ ተወዛወዙ። ቤኪ አቀፈኝ። ቀና ስል የኩሉን እጅ አየሁ። ብረቱን ሙጭጭ አድርገው ጨብጠዋል። ለካ እኛ የምናየውን መሬት እሳቸው አያዩትም፤ ለእሳቸው ከታች ምንም የለም። ያን ጊዜ ኩሉ ሰው መሆናቸው፣ የሚፈሩ ሰው መሆናቸው ገባኝ። መልእክት አልላኩብኝም።

እናቴም እጃቸውን አየችው መሰለኝ። የቦርሳዋ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ወንበሩ እስከፈቀደላት ድረስ ዞረች፣ ጀርባዋን ለእሳቸው፣ ፊቷን ለፀሐይ መግቢያ ሰጠች፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ማንበብ ጀመረች። በወጥ ቤቷ ድምፅ፣ ለሦስት ቤት በሚበቃው።

ሰውዬው በመጨረሻ ወደ አገሩ ይመለሳል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሻንጣው ቀላል ነው። አውቶቡሱ መንገድ ዳር ጥሎት ይሄዳል። የሚያልፉት ልጆች እንግዳ መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡታል፤ ማንም አያውቀውም። ከፊታቸው ካለው ወንበር፣ ከኋላቸው ካለው ወንበር ሳቁ ሁሉ ጠፋ። ጎረምሳው «ከፍ አድርጊው እናቴ፣ እዚህ አይሰማም» አለ። የኩሉ እጅ ብረቱን ለቀቅ አደረገው።

ሰውዬው አጥሩ ጋ ይደርሳል። እናቱ በሕይወት አለች፣ እጅግ አርጅታለች። «አጥሩን ተደግፋ አረማመዱን ለረጅም ጊዜ አየችው» ብላ አነበበች እናቴ። «ከዚያም አፏን ከፍታ...»

ቆመች።

«ሰውዬው» ማለት አይሆንም። እናት ልጇን «ሰውዬው» ብላ አትጠራም። ስሙ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ የመጽሐፉ ሁሉ መድረሻ እሱ ነው፣ እሷ ግን ልትለው አትችልም። አየር ሳበች። ደግማ ሳበች። ሲጨንቃት ከታች ሆኜ ይሰማኛል። እኔ ልጩኽላት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ግን የአያቴን ስም ከሰማይ ላይ መጮህ ለእኔም ከበደኝ።

«ማምጉኒ» አሉ ኩሉ።

በእኔ በኩል አልነበረም። በቀጥታ ነው።

«አትጨነቂ። አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስሜ ላይ ስትደርሺ አየር ትስቢያለሽ። በስሜ የሚጠሩኝን ሰዎች ሁሉ አፈር በልቷቸዋል። ልጆቼ ባባ ይሉኛል፣ እነዚህ ኩሉ ይሉኛል፣ ጡረታ ቢሮ ደግሞ በቁጥር ይጠራኛል። አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ አየር ስትስቢ ግን የተጠራሁ ይመስለኝ ነበር። ለሱ ነበር የምቀመጠው፤ ለነጋዴው መሰለሽ? እንደ ልማድሽ አንብቢው፣ ልጄ። ይበቃኛል።»

እናቴ አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች። ገጹን ወደ ላይ ተመልሳ ከአጥሩ ጀመረች።

«አጥሩን ተደግፋ አረማመዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም አፏን ከፍታ፣ ልጅ ሳለ ትጠራው በነበረበት ድምፅ፣ ጠራችው።»

አየር ሳበች። ምንም አላለችም።

«አቤት» አሉ ኩሉ።

እኔ ብዙ ነገር ሰምቼ አርጅቻለሁ። የዚያን ሽማግሌ «አቤት» የመሰለ ግን አልሰማሁም፤ ውስጡ ልጅ ነበር። ጎረምሳው እንኳ አልሳቀም። እናቴ ድምጿ እየተሰነጠቀ የቀረውን ገጽ አነበበች። መብራት መቼ እንደመጣ፣ መንኮራኩሩ መቼ መዞር እንደጀመረ አላስታውስም፤ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

ስንወርድ እናቴ ከወንበሩ ዘላ ወረደች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ከኩሉ ራቅ ብላ ቆመች፤ ደንቡ እንደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ። አባቴ እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ማንን እንደሚጠይቅ አላወቀም።

«እዚያ ላይ... ያን ሁሉ ጊዜ... ምን ስትሆኑ ቆያችሁ?» አላት።

እናቴ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። በዕድሜዋ አማቷንና ራሷን በአንድ ቃል ጠርታ አታውቅም።

«ጨረስነው» አለች።